የራሴን ዘፈን ዩቲዩብ ላይ ተነጠቅኩ

በሠራዊቱ የሙዚቃ ጓድ ትራምፔት ነፊ ነበርኩ። ጡረታ ስወጣ ቢሾፍቱ አንዲት ክፍል ተከራይቼ፣ ግድግዳዋን በስፖንጅ ሸፍኜ ስቱዲዮ ከፈትኩ። የአንድ ወጣት ዘፋኝ ሥራ ቀርጬ በቻናሌ ለቀቅኩት፤ ደህና ታየ። ከዚያ አንድ የማላውቀው አከፋፋይ በኮንቴንት አይዲ (ዩቲዩብ የቅጂ መብት ያለበትን ሥራ በራሱ የሚለይበት ሥርዓት) «የኔ ነው» አለ። ገቢው ታገደ። ተቃውሞ አስገባሁ፤ ራሱ ጠያቂው ውድቅ አደረገው። ከሳሽም ዳኛም እሱው፣ ጉድ እኮ ነው! በእጄ ከዘፋኙ፣ ከግጥምና ከዜማ ደራሲዎቹ ጋር የተፈራረምነው ውል አለ። የየመሣሪያው ትራክም ለየብቻው ተቀምጧል። ያቀናበርኩት እኔው ነኝ። ይግባኝ ብዬ ካልተሳካ ቻናሌ ላይ ስትራይክ (የቅጂ መብት ጥሰት ቅጣት) ሊያርፍ ይችላል። በቅጂ መብት አዋጅ 410/1996 መብቱ ሳይመዘገብም የተጠበቀ ነው፤ ዩቲዩብ ግን የኛን አዋጅ የሚያነብ አይመስለኝም። ከይግባኙ በፊት ከአእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን የምዝገባ ምስክር ወረቀት ላውጣ ወይስ ውሉና ትራኮቹ ይበቁኛል?