«ሥራ አጥ»፣ «ሥራ ፈት»፣ «ሥራ ጠል»

ጥያቄ፦ ስለ ሂትለር ዘመን ጀርመን አንድ ጽሑፍ እየተረጎምኩ ነው። «አርባይትስሎስ» የሚለውን እዚህ «ሥራ አጥ»፣ እዚያ «ሥራ ፈት» ብዬው አርታኢዬ «አንዱን ምረጪ» አለችኝ። ልዩነት አላቸው እንዴ? መነኩሴውም ሲያሻው «ሥራ ያጣ»፣ ሲያሻው «ሥራ የፈታ» ይባላል።

መልስ፦ አላቸው እንጂ እህቴ! «አጥ» ፈልጎ ያጣ ነው። በ1933 (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ጀርመን ውስጥ የተመዘገበው 6 ሚሊዮን ሰው ሥራ አጥ ነው። ፋብሪካ የተዘጋበትን ሰው ሥራ ፈት ማለት ስድብ ነው።

ሌላ መልስ፦ ቃል በቃል ከሄድን ግን «ሎስ» የተፈታ፣ የተለቀቀ ማለት ስለሆነ ለ«ፈት» ይቀርባል። ትርጉሙ አጥ፣ አካሉ ፈት! «ፈት» ካነሳን አይቀር፣ እኛ ፈት የምንላት ባሏን የፈታችውን ነው። ናዚዎች ደግሞ ባል የምታገባውን ሥራ አስፈቱ። በ1933 የወጣው የጋብቻ ብድር እስከ 1,000 ራይሽስማርክ ይደርስ ነበር፤ ሙሽራዋ ሥራዋን መልቀቅ ነበረባት። ልጅ በተወለደ ቁጥር የዕዳው ሩብ ይሰረዛል። ሥራዋን የለቀቀችው ሴት ታዲያ ከሥራ አጥ መዝገብ የለችም። ከ1935 ወዲህ ለውትድርናና ለግዴታ የሥራ አገልግሎት የተወሰዱት ወጣቶችም እንደዚያው። በ1937 ቁጥሩ ከ1 ሚሊዮን በታች የወረደው በከፊል እንዲህ ነው፤ ትልቁን ድርሻ የያዘው ግን የጦር መሣሪያ ምርቱ ነው።

መልስ፦ መነኩሴው ይግባ ካልን፣ የ1933ቱ ሥራ አጥነትን የመቀነስ ሕግ በማሽን ፈንታ በተቻለ መጠን የሰው ጉልበት ይሠራ ይል ነበር። ቆብ ቀዶ መስፋት ይሏችኋል ይኼ ነው።

ሌላ መልስ፦ ወዳጆቼ፣ ዋናውን ቃል ዘለላችሁት፤ «አርባይትስሾይ»። «ሾይ» የሚሸሽ፣ የሚፈራ ነው። በ1938 ሥራ አጥ ሊያልቅ ሲቃረብ፣ የሠራተኛ እጥረት ሲመጣ፣ ፖሊስ ይህን ስም እየለጠፈ ከ10,000 በላይ ሰው አፍሶ ቡኸንቫልድና ዛክሰንሃውዘንን ወደመሳሰሉ ማጎሪያዎች ወሰደ። የተሰጠውን ሥራ ሁለት ጊዜ ያለ በቂ ምክንያት እምቢ ያለ ሁሉ ይያዝ ነበር። በሰኔው አፈሳ ቀድሞ የተፈረደባቸው አይሁዶችም ተጨመሩ። ለዚህ «ሥራ ፈት» አይበቃም፤ ሥራ ፈት እኮ ከሰፈር ሰው ምላስ አያልፍም። እኔ «ሥራ ጠል» እላለሁ፤ «ሰው ጠል» እንደምንለው፣ ክስ ያለበት ቃል ነው።

ጠያቂዋ፦ እግዜር ይስጥልኝ። እንግዲያው «ሥራ ጠል» በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ ይገባል፤ ቃሉ የፖሊሶቹ እንጂ የእኔ አይደለምና። ስድስት ሚሊዮኖቹ ሥራ አጥ ይሁኑ።

መልስ፦ መነኩሴው ግን «የፈታ» ነው።

መልስ፦ «ያጣ» ነው! አያቴን ጠይቅ።