በ30 ሺህ ብር የፊልም ሬንጅፋይንደር፦ አቃቂ ያገኘሁትን ፌድ ልግዛ ወይስ ካኖኔት ልጠብቅ?

ጠያቂዋ (ቱሉ ዲምቱ)፦
ሰላም ናችሁ። ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው የምኖረው። ከበረንዳዬ በአንድ በኩል ክሬን፣ በሌላው በኩል የጤፍ ማሳ ይታያል። ማሳው በየዓመቱ እየሸሸኝ ነው። አውድማው ጨርሶ ሳይጠፋ በሬውን፣ ጋሪውን፣ ሰዉን በፊልም ላስቀር ፈለግኩ። በስልክ ለምን አታነሺም እንዳትሉኝ። በስልኬ አራት ሺህ ፎቶ አለ፣ አንዱንም ተመልሼ አላየሁትም።

ሬንጅፋይንደር (በማያው፣ ማለትም በምናይበት መስኮት፣ ሁለት ምስል አገጣጥመን ፎከስ የምናደርግበት ካሜራ) ያልኩት ትንሽ ስለሆነና ድምፁ ስለማይጮህ ነው። ትልቅ ካሜራ ሲያዩ ሰዎች ለመታወቂያ እንደሚነሱ ቀጥ ብለው ይቆማሉ።

ያለኝ 30 ሺህ ብር ነው። ካሜራም፣ ሌንስም፣ ፊልምም ከዚሁ ነው። አቃቂ አንድ አሮጌ ዕቃ የሚሸጥ ሰው ፌድ 2 የሚባል የሶቪየት ካሜራ አለው፣ ከነሌንሱ 14 ሺህ ይላል። ከቆራሌው የገዛው ይመስለኛል። በሌላ በኩል የአክስቴ ልጅ ለገና ከአሜሪካ ትመጣለች፣ ካኖኔት ወይም ያሺካ ኤሌክትሮ የሚባል የጃፓን ካሜራ ላምጣልሽ ብላኛለች። ችግሩ እስከ ገና ከጠበቅኩ ውቂያው ሊያመልጠኝ ይችላል። የቱ ይሻለኛል? ሌንሱስ 35 ሚሊሜትር (ሰፋ አድርጎ የሚያሳየው) ይሁን 50 (ጠበብ የሚያደርገው)? (ውዱ የጀርመን ካሜራ ላይካ በሕልሜ ነው፣ አታንሱብኝ።)

የሰበታው፦
ላይካን ካነሳሽው አይቀር ልጨርስልሽ። ኤም 3 የወጣው በ1954 እ.ኤ.አ. ነው። ዛሬም ደህና የሚሠራ የላይካ ኤም ቦዲ ብቻውን፣ ያለ ሌንስ፣ ከ1000 ዶላር በታች ማግኘት ይከብዳል። ተይው።

እኔ ብሆን ካኖኔቱን እጠብቃለሁ። ግን በስሙ ንገሪያት፤ ካኖኔት ብዙ ዓይነት አለው፣ አንቺ የምትፈልጊው ኪውኤል 17 ጂ 3 ነው። ሌንሱ አይፈታም። 40 ሚሊሜትር ኤፍ 1.7 ነው፣ የ35 እና የ50 ክርክርሽንም በዚያው ይገላግልሻል። ባትሪው የሜርኩሪ ነበር፣ አሁን አይመረትም። ያለ ባትሪም ግን ፍጥነቱንና አፐርቸሩን (የሌንሱን የብርሃን ቀዳዳ፤ የኤፍ ቁጥሩ ሲያንስ ይሰፋል) በእጅሽ እያስተካከልሽ ታነሺበታለሽ። የሚሞተው ብርሃን መለኪያው ብቻ ነው።

ያሺካ ኤሌክትሮ እንደ ስሙ ነው። ባትሪ ከሌለው የሚሠራው በ1/500 ሴኮንድ ብቻ ነው። ለደጅ ፀሐይ ይሆናል፣ ቤት ውስጥ ቡና ለሚያፈሉ እናት ግን ጨለማ ነው። የእኔውን አንድ ቀን ዝናብ ነካው። ይኸው እስከ ዛሬ ቡፌ ላይ ያምራል።

አንድ ነገር። የአክስትሽ ልጅ የጀርባውን በር ከፍታ ጠርዙን ትንካ። ስፖንጁ እንደ ሬንጅ እጇ ላይ ከተጣበቀ ብርሃን ያስገባል። ቀላል ነው፣ ይቀየራል። ዋጋ ማስቀነሻ ታድርገው።

ጋሼ ከገላን፦
ልጄ፣ እኔ ሃርኮቭ ነው የተማርኩት። ፌድ የሚሠራው እዚያ ነበር። ስሙ የፌሊክስ ኤድሙንዶቪች ድዘርዥንስኪ የመጀመሪያ ፊደላት ነው። በደኅንነት ሹም ስም በተጠራ ካሜራ ስንት ሠርግ አነሳንበት! ያኔ ከሶቪየት ተምሮ የሚመለሰው ብዙው ዜኒት ወይም ፌድ በሻንጣው ይዞ ይመጣ ነበር። ከቆራሌው ጆንያ መውጣቱ አይግረምሽ።

ፌድ 2 ጥሩ ነው። ፎከስ የሚያደርጉት ሁለቱ መስኮቶች 67 ሚሊሜትር ተራርቀዋል፤ ዞርኪ 4 የሚባለው የሌላው የሶቪየት ካሜራ ርቀት 38 ነው። በተራራቁ ቁጥር ፎከሱ አይስትም። ዝግተኛ ፍጥነት የለውም፣ ከ1/30 አካባቢ ይጀምርና 1/500 ላይ ያበቃል። ይህ ጉድለቱም ጤናውም ነው፤ የሚበላሽ ጥርስ ቀነሰለት። ፍጥነቱን የምትቀይሪው ግን ማዞሪያውን አዙረሽ ከወጠርሽው በኋላ ይሁን። ይህን የማያውቅ ሰው ነው ብዙ የሩሲያ ካሜራ የገደለው፣ በተለይ ዞርኪ። ደግሞ ፊልሙ የሚጠመጠምባት ማጠንጠኛ ከውስጥ ተነቃይ ናት፤ መኖሯን ሳታዪ እንዳትገዪ።

አሁን አንድ ነገር ንገሪኝ። በሌንሱ ፊት ምን ተጽፏል?

ጠያቂዋ፦
ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። ፎቶ አንስቼው ነበር። ጽሑፉን አላነበብኩትም፣ ፊደሉ የሩሲያ ነው። ቁጥሩ 44፣ ከዚያ 2/58 ይላል። ሻጩ «ይሄ ትልቁ ነው፣ ጨለማ ላይ ያነሳል» ብሎኛል።

ጋሼ ከገላን፦
ጠርጥሬ ነበር። ጌሊዮስ 44 ነው፣ እናንተ ሄሊዮስ የምትሉት። ግሩም ሌንስ ነው፣ ግን የፌድ አይደለም። የዜኒት ነው።

የድሮው ዜኒትና ፌድ አፋቸው እኩል 39 ሚሊሜትር ነው፣ ጥርሱም ይገጥማል። ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። ዜኒት ውስጡ መስታወት ስላለው ሌንሱ ከፊልሙ 45.2 ሚሊሜትር ርቆ እንዲቀመጥ ተደርጎ ተሠርቷል። ፌድ ላይ ይህ ርቀት 28.8 ነው። ሌንሱ ከቦታው 16 ሚሊሜትር ገብቶ ተቀመጠ ማለት ነው። ከእንጦጦ ጀምሮ እስከ አፍንጫሽ አንድም ነገር አይጠራም።

እንዲህ አረጋግጪ። በማያው ስታዪ መሃል ላይ ደብዘዝ ያለች ሁለተኛ ምስል አለች። የሌንሱን ቀለበት አዙሪ። ምስሏ ወደ ጎን ከሄደች ሌንሱና ካሜራው ይግባባሉ። ንቅንቅ ካላለች አይግባቡም። ከዚያ ሌንሱን ፍቺውና ጀርባውን እዪ። የፌድ ሌንስ ቀለበቱ ሲዞር ገባ ወጣ የሚል የብረት ጠርዝ አለው። ካሜራው ውስጥ ያለችውን ትንሽ ምላስ የሚገፋት እሱ ነው። ጌሊዮስ ያ የለውም።

የፌድ የሆኑት ኢንዱስታር 26 እና ኢንዱስታር 61 ናቸው፣ ሁለቱም ኤፍ 2.8። ገንዘብ ከተረፈሽ ዩፒተር 8 አለ፣ 50 ሚሊሜትር ኤፍ 2። የጀርመኑ ዞናር ሌንስ ልጅ ነው፣ የሰው ፊት ላይ ደግ ነው።

ከለገጣፎ፦
ጋሼ ሁሉን ብለዋል። እኔ ስለ 35 ልጨምር። የፌድ 2 ማያ የሚያሳይሽ የ50ን ክልል ብቻ ነው። 35 ከገዛሽ ከላይ የሚሰካ ሌላ ማያ ትገዣለሽ። ዩፒተር 12 የሚባለው 35 ደግሞ የኋላ መስታወቱ ከሌንሱ አብጦ ወጥቷል፣ ያለ ክዳን ጠረጴዛ ላይ ካስቀመጥሽው ያልቅለታል። ስለዚህ በ50 ጀምሪ።

እንዲህ በጥርስ የሚጠመዘዝ ሌንስ አንድ ጥቅም አለው። በመሸጋገሪያ ቀለበት ላይካ ኤም ላይም ይገጥማል። ሕልምሽ የደረሰ ቀን ሌንሱን አትጥዪውም። እስከዚያ ግን «ወርቅ የተቀባ የጦርነት ጊዜ ላይካ» ብሎ የሚያሳይሽ ሰው ካጋጠመሽ ሌንሱን ፈትተሽ ውስጧን ምላስ እዪ። የላይካ ጫፍ ላይ የምትሽከረከር ክብ ጎማ አለች። ጫፏ ድፍን ከሆነች ፌድ ወይም ዞርኪ ነው፣ ልብሱን ቀይሮ የመጣ።

ከሱሉልታ፦
ሁላችሁም ስለ ካሜራ ታወራላችሁ። ፊልሙስ? ካሜራው አንዴ ይገዛል፣ ፊልም በየ36 ፎቶው። ከ30 ሺህ ላይ ቢያንስ ግማሹን አትንኪው።

ጥቁርና ነጭ ጀምሪ። ቤት ታጥቢዋለሽ። እኔ ኤችፒ 5 የሚባለውን 400 ፊልም በዲ 76 ማጠቢያ ኬሚካል፣ ሳይቀጠን፣ በ20 ዲግሪ 7 ደቂቃ ተኩል ነው የማጥበው። የሱሉልታ ውኃ ስለሚበርድ ከፔርሙዝ ሙቅ እየጨመርኩ ቴርሞሜትር ላይ አፈጣለሁ። ባለቤቴ ለሕፃን ወተት የማሞቅ ነው የሚመስላት። ባለቀለሙ 38 ዲግሪ ላይ ቆሞ መቅረት አለበት፣ ለጀማሪ አይመከርም።

ብርሃን መለኪያ ለጊዜው አያስፈልግሽም። በጠራ ፀሐይ ኤፍ 16 ላይ አድርጊ፣ ፍጥነቱ አንድ በፊልሙ ቁጥር (ብርሃን የመቀበል አቅሙ) ነው። 200 ፊልም ከሆነ 1/250፣ 400 ከሆነ 1/500። ደመና ሲመጣ አፐርቸሩን ወደ 8 ክፈቺ። የፌድ ጣሪያ 1/500 ስለሆነ በ6 ሰዓት ፀሐይ 400 ፊልም ይጨንቀዋል፣ ከኋላ ያለውን ማደብዘዝ አትችዪም። ዘመድሽ 100 ወይም 200 ታምጣ። ፊልሙን በእጅ ሻንጣ ትያዝና ኤርፖርት ላይ በእጅ ይፈተሽልኝ ትበል። አዲሶቹ የሲቲ መፈተሻዎች ፊልም ያበላሻሉ።

እኔ ጋ አንድ ኤችፒ 5 አለ። ላቀብልሽ፣ በኋላ በፊልም ትመልሺልኛለሽ።

የሰበታው፦
አሁንም ካኖኔት እላለሁ። በዚያ ብረት አንገትሽን ሲያምሽ ታስታውሺኛለሽ።

ጠያቂዋ (ከሳምንት በኋላ)፦
ቅዳሜ አቃቂ ሄድኩ። በማያው አየሁና ቀለበቱን አዞርኩ። ምስሏ ንቅንቅ አላለችም። ሻጩ «ሲሞቅ ይሠራል» አለኝ፣ እንደ መኪና! ሌንሱን ፈትቼ ጀርባውን ሳሳየው ዝም አለ። ከዚያ የጀርባ ክዳኑን አውልቄ ወደ መስኮት ስይዘው ፊልሙን ከብርሃን የሚጋርደው የጨርቅ መጋረጃ ላይ ሁለት ኮከብ ታየኝ፣ የመርፌ ቀዳዳ የሚያህሉ። እነሱን ቆጥሬለት፣ ሄሊዮሱን ለእሱ ትቼ፣ ቦዲውን በ7 ሺህ 500 ወሰድኩ። ማጠንጠኛዋ አለች።

ጋሼ ኢንዱስታር 26 አውሰውኛል፣ ዕድሜ ይስጥልኝ። በረንዳ ላይ ወጥቼ ሌንሱን እስከ መጨረሻው አዞርኩና የረርን አየሁት። መጀመሪያ ሁለት የረር ነበር፣ ከዚያ አንዱ ሌላው ላይ ተኛ። የአክስቴን ልጅ ካሜራውን ተይና ፊልም አምጪ ብያታለሁ።

ቀዳዳዎቹን ምን ላድርጋቸው?

ጋሼ ከገላን፦
እሰይ! ቀዳዳው የፀሐይ ሥራ ነው። ዜኒት በመስታወቱ ይከላከላል፣ ፌድ ግን ከሌንሱ ኋላ ያለው ጨርቅ ብቻ ነው። ያለ ክዳን ወደ ፀሐይ ካስቀመጥሽው ሌንሱ እንደ ማጉያ መነጽር ያቃጥለዋል። ጥቁር የጨርቅ ቀለም በመርፌ ጫፍ ነጥብ አድርጊበት። ስስ ይሁን፣ ከወፈረ መጋረጃው ሲጠቀለል ይይዛል። አንድ ቀን ሙሉ ሳይደርቅ እንዳትወጥሪው።

ከዚያ ወዲያ የሌንሱ ክዳን አይለየው። ችግሩ ማያው በሌንሱ ውስጥ አያልፍም፣ ክዳኑ ሳይነሳም ሁሉ ነገር ጥርት ብሎ ይታይሻል። የመጀመሪያው ፊልምሽ ላይ ስድስት ሰባቱ ባዶ ቢወጣ ሌባው ክዳኑ ነው።

ጠያቂዋ፦
ቀለሙን ትናንት ቀባሁ፣ ደርቋል። ኤችፒ 5ም ደርሶኛል። ማክሰኞ ጤዛው ሲነሳ ይወቃል ብለውኛል፣ በ3 ሰዓት አውድማው ላይ ነኝ። ክዳኑን ከማንጠልጠያው ጋር በክር አስሬዋለሁ።