ጥቆማ፦ ባትሪ ቀይሮም "ጠቅ" ብሎ ዝም ለሚል ሞተር

ጥያቄ፦ ሰላም ወንድሞች፣ ከሐዋሳ ነው። ቦክሰር 150 ሞተርሳይክል ነው የምነዳው። ጠዋት በስታርተር ቶሎ ይነሳል፣ ከሰዓት ግን "ጠቅ" ብሎ ዝም ይላል። ጉድጓድ ሲመታ ዳሽቦርዱ ድርግም ብሎ መልሶ ይበራል። ባትሪውን ገና መቀየሬ ነው። ጥሩ ባትሪ የት ይገኛል? ማን ጋ ልውሰደው?

መልስ፦ ሰላም ወንድሜ። እባክህ ለጊዜው ሌላ ባትሪ አትግዛ። ጉድጓድ ሲመታ የሚጠፋ ዳሽቦርድ አብዛኛውን ጊዜ የላላ ሽቦ እንጂ የደከመ ባትሪ ምልክት አይደለም። የደከመ ባትሪ ቀን በቀን እየባሰበት ይሄዳል፤ የላላ ሽቦ ግን አንዴ ይሠራል አንዴ ያቆማል። ያንተ ሁለተኛውን ይመስላል።

በመጀመሪያ የምጠቁምህ ቴስተር (ቮልትና አምፒር መለኪያ) እንድትገዛ ነው። ተራው የቻይና ቴስተር ይበቃል፣ ዋጋውም ከአንድ ባትሪ በብዙ ያንሳል። ሞተሩ ካደረ በኋላ ቁልፍ ሳትከፍት ባትሪው ላይ ለካ። ከ12.6 እስከ 12.8 ቮልት ካሳየ ሙሉ ነው፤ 12.4 ከሆነ ጎደል ብሏል፤ 12 ከሆነ ባዶ ለመሆን ትንሽ ነው የቀረው። ቀጥለህ ስታርተር እየተጫንክ ቁጥሩን እይ። ከ9.5 በታች ከወረደ ባትሪው አቅም የለውም፣ ወይም ሞተሪኖው (ኢንጂኑን አዙሮ የሚያስነሳው) ከልክ በላይ እየሳበ ነው። ከተነሳ በኋላ ደግሞ ነዳጅ ሰጥተህ ያዘው፤ ከ13.5 እስከ 14.5 መሆን አለበት። ከ13 በታች ከቀረ ቻርጅ እየገባ አይደለም። 15ን ካለፈ ሬጉሌተሩ (ወደ ባትሪው የሚገባውን ቮልት የሚቆጣጠረው) ተበላሽቷል ማለት ነው፣ አዲስ ባትሪም ብታስገባ አፍልቶ ይገድልብሃል። ባትሪ በየጊዜው የሚቀያይሩ ብዙ ሰዎች ችግራቸው እዚህ ጋ ነው።

አሁን ወደ "ጠቅ" እንምጣ። የቴስተሩን አንድ ጫፍ በባትሪው ነጌቲቭ ላይ፣ ሌላውን ቀለም በሌለው የኢንጂኑ ብረት ላይ አድርገህ ስታርተር ተጫን። ዜሮ አካባቢ መቆየት አለበት። ከግማሽ ቮልት ካለፈ ማሳው (ነጌቲቩን ከኢንጂኑ ብረት የሚያገናኘው ሽቦ) ልል ነው ወይም ዝጓል። ብሎኑን ፍታ፣ ቀለበቱንና የሚቀመጥበትን ብረት እስኪያበራ በብርጭቆ ወረቀት ፋቅ፣ አጥብቀህ እሰር፣ ከዚያ በላዩ ቫዝሊን ቀባ። ቫዝሊን የሚቀባው ከታሰረ በኋላ ነው።

ዳሽቦርዱን በተመለከተ ቁልፍ ከፍተህ መሪውን ወደ ግራና ቀኝ ጥግ ድረስ አዙር። ከመሪው አንገት ሥር የሚያልፉት ሽቦዎች በየዙሩ ስለሚታጠፉ ላስቲካቸው ደህና ሆኖ ውስጡ ሊበጠስ ይችላል። በጣትህ አንድ በአንድ ሳብ ሳብ አድርጋቸው፤ የተበጠሰው እንደ ማስቲካ ይለጠጣል። የፊውዙን ቤትም ነካ ነካ አድርግ። ፊውዙ በሲጋራ ወርቅ ወረቀት ወይም በሽቦ ተጠቅልሎ ካገኘኸው ዛሬውኑ ጣለው። ሽቦ ቢገናኝ ሞተርህ በእሳት ይሄዳል፣ ቀልድ አይደለም።

ማን ጋ ልውሰደው ላልከው ደግሞ የራሴን ምርጫ ልንገርህ። ባትሪ ሻጮች ቻርጅ ለማድረግ ይጠቅማሉ፣ ግን ብዙዎቹ የመኪና ቻርጀር ነው ያላቸው። የሞተር ባትሪ ቀስ ተብሎ ነው የሚሞላው፤ 5 አምፒር-ሰዓት የሚይዘው ግማሽ አምፒር አካባቢ በቂው ነው። በመኪና ጉልበት ከተሞላ ይግላል፣ ዕድሜው ያጥራል። ስትሰጣቸው ይህን ተናገር፣ እሺ ካላሉ ይዘህ ውጣ።

ጋራዥ ለቫልቭና ለፍሪሲዮን እንጂ ለኤሌክትሪክ አልመክርህም። ሳይለኩ ሲዲአይና ቦቢና (ለካንዴላ እሳት የሚሰጡት)፣ ሬጉሌተር በየተራ እያስገዙ የሚሞክሩ አሉ፤ ወጪው ካንተ ነው የሚሄደው። ወኪል ድርጅት የምትሄደው ዋስትና ካለህ ወይም ኦሪጂናል ሬጉሌተር ከፈለግክ ነው።

እኔ የምመርጠው ባለሦስት እግር ባጃጅ የሚሠራ ኤሌክትሪሺያን ነው። ባለ12 ቮልት ትንሽ ሲስተም፣ ማሳ፣ ሬጉሌተር ቀኑን ሙሉ እጁ ላይ ናቸው። ጎበዙን የምትለየው ካቻቢቴ ከማንሳቱ በፊት ቴስተር ሲያወጣ ነው። ችግሩ ጠዋት ነው ወይስ ሲግል፣ ዝናብ ላይ ነው ወይስ ጉድጓድ ላይ ብሎ ከጠየቀህ እሱን ያዘው። "ባትሪው ነው" ብሎ ሳያይ ከፈረደ ተሰናበተው።

ለክቶ ባትሪው መሞቱን ካረጋገጠ ያኔ ግዛ። ለፒስታ መንገድ የታሸገውን ደረቅ ባትሪ እመርጣለሁ፣ ሲናጥ አሲድ አያፈስም። አሲድ የሚሞላው ይረክሳል፣ ግን ውሃውን በየጊዜው አይተህ በተጣራ ውሃ መሙላት አለብህ፤ የቧንቧ ውሃ ያበላሸዋል። ከብራንድ ዩዋሳ፣ ኤክሳይድና አማሮን ስም አላቸው። ዩዋሳ በብዛት ስለሚኮረጅ ከስሙ ይልቅ ቴስተርህን እመን፤ ሱቁ ውስጥ ለክተህ 12.6 ካልደረሰ ገንዘብ አትክፈል። በአሮጌው ላይ ያለውን የአምፒር-ሰዓት ቁጥርና ፖዘቲቩ በየት በኩል እንደሆነ ፎቶ አንስተህ ሂድ። መጠኑ አንድ ሆኖ ፖዘቲቩ የተገለበጠ አለ፣ ተገልብጦ ከታሰረ ሬጉሌተሩን ያቃጥላል። ያገለገለ ሶኬትና ሽቦ ከአዲስ አበባው የመለዋወጫ ሰፈር ከሶማሌ ተራ ብታስመጣ ችግር የለውም። ያገለገለ ባትሪና ሬጉሌተር ግን አይሁን።

ጥያቄ፦ እግዜር ይስጥልኝ ወንድሜ። አላርምና ሁለት ፓውዛ አስገጥሜ ነበር፣ እሱስ ይሆን እንዴ?

መልስ፦ በጣም ሊሆን ይችላል። ቁልፍ ዘግተህ የባትሪውን ነጌቲቭ ፍታና ቴስተሩን አምፒር ላይ አድርገህ በተፈታው ሽቦና በባትሪው ነጌቲቭ መሃል አስገባ። አላርሙ የሚስበው ጥቂት ሚሊአምፒር ነው መሆን ያለበት። 50 ወይም 100 ካሳየ ሌሊቱን ሙሉ እየጠባው ነው፤ አላርሙን ነቅለህ እንደገና ለካ። በዚህ ጊዜ ስታርተር እንዳትነካ፣ ቴስተሩ ይቃጠላል። ፓውዛዎቹ የራሳቸው ፊውዝና ሪሌ (በትንሽ ኃይል ትልቁን የሚያበራ ማብሪያ) ይኑራቸው። ከዋናው መብራት ሽቦ ላይ ተልጠው የተቀጠሉ ከሆነ፣ ጉድጓድ ላይ የሚያጠፋብህ ቅጥያ እሱ ሊሆን ስለሚችል ፍተሻውን ከዚያ ጀምር። ያገኘኸውን ቁጥር እዚሁ ጻፍልን፣ አብረን እናየዋለን።