ለላይን ልጆች የሚሰጥ ሽልማት አለ?

የኮሎምበሱ አባት፦
ሰላም ወገኖች። የምኖረው ኮሎምበስ፣ ኦሃዮ ነው። ልጄ 16 ዓመቱ ነው፤ ለሃይስኩሉ የአሜሪካ ፉትቦል ይጫወታል። ቦታው ታክል ነው፤ ከኳርተርባኩ (ከኳስ ወርዋሪው) ፊት ከሚቆሙት አምስት የላይን ልጆች አንዱ ነው። ኳርተርባኩ እስኪወረውር ድረስ የሚመጣውን ሁሉ በደረቱ ይመክታል። ኳሷን ግን አይነካትም። ዓርብ ማታ ከጨዋታ ሲመለስ ጣቶቹ አብጠው እንጀራ መቁረስ ያቅተዋል። እናቱ ናት የምታጎርሰው።

ቅዳሜ ለዓመቱ ምርጥ የኮሌጅ ተጫዋች የሚሰጠውን የሃይዝማንን ሽልማት አብረን አየን። መሀል ላይ፣ "አባዬ፣ የኛ ቦታ ልጅ እኮ እዚያ አይቆምም" አለኝ። መልስ አጣሁ። እውነቱን ነው? በኮሌጅ ደረጃ ለነሱ የሚሰጥ ክብር የለም?

ኳስ ወዳድ፦
ጋሼ፣ ልጁ ልክ ነው። ሃይዝማን መሰጠት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1935 ነው። እስካሁን ከላይን ቦታዎቹ፣ ታክል፣ ጋርድ ወይም ሴንተር ሆኖ የወሰደ የለም። ከመራጮቹ አብዛኞቹ ጋዜጠኞች ናቸው። የሚያዩት ኳሷ የተጓዘችበትን ርቀት (ያርድ) እና ተችዳውን የሚባለውን ነጥብ ነው፤ የመከተ ሰው ደግሞ እንዲህ ያለ ቁጥር የለውም። በጣም ከቀረቡት አንዱ የከተማችሁ ቡድን ልጅ ነበር። የኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲው ታክል ጆን ሂክስ በ1973 ሁለተኛ ወጣ። በዚያው ዓመት ግን አውትላንድና ሎምባርዲ የሚባሉትን ሽልማቶች ሁለቱንም ጠቅልሎ ወሰደ። አውትላንድ ከ1946 ጀምሮ ለላይን ተጫዋቾች የሚሰጥ ትልቅ ሽልማት ነው። ስሙን ለልጁ ይንገሩት።

የሦስት ወንዶች እናት፦
ወንድሜ፣ ጉርሻው ላይ ስደርስ እንባዬ መጣ። እኔም ቤት አንድ አለ።

ጆ ሙር የሚባል ሽልማት አለ፤ በ2015 ነው የተጀመረው። ለአንድ ሰው አይሰጥም፣ ለላይኑ በሙሉ ነው። ዋንጫው ራሱ 800 ፓውንድ ይመዝናል፤ ብቻውን የሚያነሳው የለም! በ2019 የሉዊዚያናው ዩኒቨርሲቲ፣ የኤልኤስዩ ላይን ወሰደው። የዚያ ዓመት ሃይዝማን ደግሞ የዚያው ቡድን ኳርተርባክ የጆ በሮው ነበር። ኦሃዮ ያደገ ልጅ ነው። መድረክ ላይ ወጥቶ የላይን ልጆቹን አመሰገነ። ንግግሩን ፈልጋችሁ አብራችሁ እዩት።

ኳስ ወዳድ፦
አንድ ልጨምር። ኦርላንዶ ፔስም የኦሃዮ ስቴት ታክል ነበር። በ1996 ሃይዝማን ላይ አራተኛ ወጣ። በዓመቱ የኤንኤፍኤል (የፕሮፌሽናል ሊጉ) ክለቦች ተጫዋች ሲመርጡ ግን ከሁሉም ቀድሞ የተጠራው እሱ ነው። ሥራውን የሚያውቁት ያውቁታል።

የኮሎምበሱ አባት፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የበሮውን ንግግር አሳየሁት። ዝም ብሎ አየና፣ "ድገመው" አለኝ። የሂክስን ፎቶም ራሱ ፈልጎ ስልኩ ላይ አድርጓል።

ከእናቱ ጋር ተነጋገርን። ለገና ጾሙ ሲፈታ አምስቱንም የላይን ልጆች ቤት እንጠራለን። ዶሮ ወጥ ይሠራል። ኳርተርባኩም ይመጣል። ጉርሻውን እሱ ይጀምራል።