መብራት ሄዶ ሲመጣ ፕሪንተሬ ኡቡንቱ ላይ ዝም ትላለች

የማራኪው፦
እንዴት ዋላችሁ ጎንደሮች። ማራኪ ግቢ አካባቢ ትንሽ ጽሕፈት ቤት አለችኝ። አሮጌው ላፕቶፕ በቫይረስ ሲያሰለቸኝ ኡቡንቱ የሚባለውን የሊኑክስ ሲስተም ጫንኩበትና ነፍስ ዘራ። የከበደኝ ፕሪንተሯ ነች። ጥቁርና ነጭ ሌዘር ናት፤ ገመዷን ከዊንዶውሱ ዴስክቶፕ ነቅዬ ላፕቶፑ ላይ ስሰካት አሳምራ ታትማለች፣ መብራት ሄዶ ሲመጣ ግን ስክሪኑ ታትሞ አልቋል ይላል እንጂ ወረቀት አትስብም። ዴስክቶፑ ላይ ደርሳ ስትመለስ ደግሞ ትሠራለች! ትናንት አንዲት ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፏን ይዛ ጠብቃ ጠብቃ ፍላሿን ነቅላ ሄደች። በጣም አዘንኩ። ወደ ዊንዶውስ ልመለስ?

አራዳ፦
ኧረ አትመለስ ወንድሜ፣ መልሱን ራስህ ነግረኸናል። አንዳንድ ሌዘሮች ፈርምዌራቸውን (የሚያንቀሳቅሳቸውን የውስጥ ፕሮግራም) በቋሚነት አይዙም፤ በበሩ ቁጥር ከኮምፒውተሩ መቀበል አለባቸው። ኤችፒ ሌዘርጄት 1018 እና 1020 እንዲህ ናቸው። ዊንዶውስ ሳይነግርህ ይልክላታል፣ መብራት እስኪሄድ ትይዘዋለች፣ ከዚያ ባዶ። ሊኑክስ ላይ ይህን የሚሠራው ኤችፒሊፕ የሚባለው የኤችፒ ፕሪንተሮች ፕሮግራም ነው፤ ፕለጊኑ (ተጨማሪ ክፍሉ) ግን ክፍት ምንጭ ስላልሆነ አብሮ አይመጣም። ከነዚህ አንዷ ከሆነች የድሮውን ፕሪንተር ከዝርዝሩ ሰርዝ፣ ተርሚናል (ትእዛዝ የሚጻፍበት መስኮት) ላይ በእንግሊዝኛ ፊደል ኤችፒ ሰረዝ ፕለጊን ብለህ አውርድ፣ ቀጥሎ ኤችፒ ሰረዝ ሴትአፕ ብለህ እንደ አዲስ አስገባት። ኤችፒሊፕ አፕዴት ባደረገ ቁጥር ፕለጊኑም ከቨርዥኑ ጋር እኩል መሆን ስላለበት ድጋሚ ማውረድህን አትርሳ።

ቀሀ፦
ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚያቆየውን) ግዛና ተገላገል።

የአዘዞዋ፦
@ቀሀ እባክህ ሌዘር ፕሪንተር ትንሽ ዩፒኤስ ላይ እንዳይሰካ! ቀለሙን ወረቀቱ ላይ የሚያቀልጠው ክፍል ሲግል ብዙ ኃይል ይስባል፣ ዩፒኤሱን ይጥለዋል። ኮምፒውተሩን ብቻ ስካ። ሌላ ፕሪንተር ስትገዛ ደግሞ ካርቶኑ ላይ ኤርፕሪንት የሚል ፈልግ፤ እንዲህ ያሉት አዳዲስ ኡቡንቱ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ያለ ድራይቨር (ለፕሪንተሩ ተብሎ የሚጫን ፕሮግራም) ይሠራሉ። እኔ ፒያሳ ስገዛ ኡቡንቱ ያለበት ፍላሽ ይዤ ሄጄ፣ በባለሱቁ ኮምፒውተር ከፍላሹ አስነስቼ አንድ ገጽ ሳላሳትም ብር አልሰጠሁም።

የማራኪው፦
ሠራች! ዛሬም መብራት ሄዶ ነበር። ሲመለስ ገና ምንም ሳልነካ ሮለሯ ራሷ ዞረች፣ ወዲያው ሠላሳ ገጽ አወጣሁባት። አራዳ፣ እድሜ ይስጥህ።