የጣና ገዳማት ጉዞ፦ የፍተሻውን ረቂቅ አብረን እንጨርስ

ጸሐፊ፦ ሰላም ለእናንተ ይሁን። ለሌሎቹ የጉዞ ማኅበራት የምንልከው ሐሳብ እስከ ሐሙስ ማለቅ አለበት። ዋናው ነገር፦ ወደ ጣና ደሴቶች የሚሄድ ሰውና ዕቃ የመጤ አረም ዘርና ነፍሳት ይዞ እንዳይገባ እዚሁ መስቀል አደባባይ ይፈተሽ፣ አውቶቡስ ላይ ሳይወጣ። ባሕር ዳር ጀልባው ጋ ከደረስን በኋላ ሁሉም ይቸኩላል፣ ጫማውን የሚያሳይ የለም። ለጋላፓጎስ ደሴቶችም የመንገደኛው ሻንጣ የሚፈተሸው ገና ዋናው የኢኳዶር ምድር ላይ፣ ኪቶና ጓያኪል አውሮፕላን ማረፊያ ሳለ ነው።

ገንዘብ ያዥ፦ እህቴ፣ የውሃ አረሙ እምቦጭ እኮ ጣና ላይ ከታየ ቆየ፤ እ.ኤ.አ. 2011 ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ አይሆንብንም?

አስተባባሪ፦ ጋሼ፣ አረሙ የበረታው በሰሜንና በምሥራቅ ዳርቻ ነው። ሁሉንም ደሴት እኩል አልያዘም። ደግሞ እምቦጭ ብቻ አይደለም የሚያስፈራው። ማዳጋስካር ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2014 ቶአማሲና ወደብ አካባቢ የእስያ ጉርጥ ተገኘ። በመርከብ ኮንቴይነር ተደብቆ እንደገባ ይገመታል። መርዛም ነው፤ የበላው እባብ ይሞታል። የደሴቱ አውሬ እንዲህ ያለ ጉርጥ አያውቅም፣ መጠንቀቅም አልለመደም።

ሾፌር፦ ጥፋቱ ከእኔ ይጀመር። አምና ከዝዋይ ደሴቶች መልስ በሦስተኛው ቀን ጣና ሄድኩ። ዝዋይም እምቦጭ ገብቶበታል። መኪናውን ከውጭ አጥቤ ነበር። ወንበር ሥር ያለውን ጭቃ ግን ማን አየው? የተሳፋሪዎቹም ጫማ ያው ነበር።

አስተባባሪ፦ የእምቦጭ ዘር ጭቃ ውስጥ እስከ 20 ዓመት ሳይሞት ይቆያል። ስለዚህ «ደርቋል» ብሎ ማለፍ አይሠራም። ጫማ የምናወልቀው ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ነው። ዘሩ ግን ከጀልባ ስንወርድ ረግፏል።

የስጦታ ኮሚቴ፦ ይቅርታ፣ ችግኙስ? ለገዳሙ 200 ችግኝ ቃል ገብተናል። ሰው ገንዘብ አዋጥቷል።

አስተባባሪ፦ እኔን የሚያሳስበኝ እሱ ነው። ጫማ በብሩሽ ይጸዳል። ጥቁሩ ፕላስቲክ ውስጥ ያለው አፈር ግን እንዴት ይፈተሻል? የጉንዳን እንቁላል፣ የቅንጬ አረም ዘር፣ ምኑ ቅጡ። ያንን ሁሉ አብረን ነው የምንሰጣቸው።

የስጦታ ኮሚቴ፦ ታዲያ ባዶ እጃችንን እንሂድ? አባቶች ምን ይሉናል?

ገንዘብ ያዥ፦ ኧረ ባዶ እጅ አይደለም። ገንዘቡን ለገዳሙ እንስጥ። እዚያው ደሴቱ ላይ ካለው ዛፍ ዘር ሰብስበው ችግኝ ያፍሉ። እንዲያውም ለአገሩ የተስማማው እሱ ነው። በአውቶቡስ ጭኖ ማጎሳቆልም ቀረ።

የስጦታ ኮሚቴ፦ እሺ። ግን ያዋጣውን ሰው የምታስረዱት እናንተ ናችሁ፣ እኔ አልቆምም።

ጸሐፊ፦ ገባ። እንዲህ ጻፍኩት፦ «አፈር ያለበት ችግኝ ወደ ደሴት አይጫንም። እህልና ሲሚንቶ ከመጫኑ በፊት ጆንያው ይራገፋል። የተቀደደ ጆንያ ይመለሳል።» ፍተሻው ስንመለስም ይደረግ፤ ከጣና በቀጥታ ሐይቅ እስጢፋኖስ የሚሄዱ ማኅበራት አሉ።

አባል፦ ክብራን ገብርኤል እኛን ሴቶቹን አያስገባም። ጀልባ ላይ ቁጭ ብለን ከምንጠብቅ ሁለተኛውን ፍተሻ ለእኛ ተዉልን። ወንዶቹ ብሩሽ ላይ ሲሰንፉ አይተናል።

ሾፌር፦ ልክ ነሽ። አንድ ነገር ግን፦ መስቀል አደባባይ ጫማ ስናጥብ ውሃው የት ይሄዳል? ቦዩ ወደ ባንትይቀጡ ወንዝ ነው። ከዚያ አቃቂ፣ ከዚያ አዋሽ።

ጸሐፊ፦ እውነት! ይሄን አላሰብኩትም። «ማጠብ» የሚለውን አጠፋሁት። ጫማ በደረቁ ይቦረሽ፣ ጭቃው ከረጢት ውስጥ ገብቶ ይታሰር። ብሩሹን ነገ ከመርካቶ የሚያመጣ ማነው?