በሕይወት ያለ የሙዚቃ ቀማሪ ለመጋበዝ የድጋፍ ማመልከቻ፦ በጀቱና ኖታው

ጥያቄ፦
ሰላም ለዚህ ቤት። 14 ተጫዋቾች ያሉት የክር መሣሪያ ቡድን አለን፤ የሚከፈለው የለም። አንድ በሕይወት ያለ ቀማሪ ለሦስት ቀን ጋብዘን ሁለት ወርክሾፕ፣ አንድ ክፍት ልምምድና አንድ ኮንሰርት ልናዘጋጅ ነው። አዲስ ሥራ ብናስጽፍ ይሻላል ወይስ ያለውን ብንጫወት? በጀቱ ላይስ አዳራሹ ብቻውን 45 በመቶ ወስዷል፤ ያስቸግር ይሆን?

መልስ 1፦
በጣም ያስቸግራል። ገምጋሚ ከጽሑፉ በፊት በጀቱን ነው የሚያየው፤ ግማሽ ያህሉ ገንዘብ ለአዳራሽ ከሄደ የምታመለክቱት ለአዳራሽ ኪራይ ይመስለዋል። ትንሽ አዳራሽ ያዙ፣ ወይም ባለቤቱ በነፃ እንዲሰጣችሁ ጠይቁና የኪራዩን ግምት በዓይነት መዋጮ አድርጋችሁ አስገቡ።

ለመጀመሪያ ማመልከቻ ያለቀ ሥራ ውሰዱ። ያለቀ ሥራ ይደመጣል፤ ያልተጻፈውን ግን ገምጋሚው በተስፋ ነው የሚመዝነው። አዲስ ሥራ ስታስጽፉ ከውል እስከ ኮንሰርት ቢያንስ አንድ ዓመት ያዙ። የድጋፉ ዘመን 12 ወር ሆኖ ቀማሪው ሁለት ወር ከዘገየ ኮንሰርቱ ከዘመኑ ውጭ ይወድቅና ወጪው ሳይሸፈን ይቀራል። የምታያይዙት የድምፅ ቅጂ ከሦስት ደቂቃ አይብለጥ፤ ጥሩው ቦታ ላይ ይጀምር፣ ዝግ ያለ መግቢያ ካለው ዝለሉት።

የቀማሪው ደብዳቤ «በደስታ እሳተፋለሁ» ብቻ ካለ ውሃ አያነሳም። የሚመጣባቸው ቀኖች፣ በየቀኑ የሚሠራውና ክፍያው በግልጽ ይጻፍ። ትምህርት ቤት ወይም ቤተ መጻሕፍት አብሯችሁ የሚሠራ ከሆነ ደብዳቤውን ራሳቸው ይጻፉት። ሦስት ደብዳቤ በአንድ ዓይነት ቃል ሲመጣ እናንተ እንዳዘጋጃችሁት ወዲያው ያስታውቃል።

መልስ 2፦
በጀቱ ላይ ልጨምር። የቀማሪው የቀን አበልና የመገኘት ክፍያ ለብቻው መስመር ይኑረው፤ ከጉዞና ከማደሪያ ጋር አትደባልቁት። ፈንዱ እኩል መዋጮ የሚጠይቅ ከሆነ የፕሮጀክቱን ግማሽ ከሌላ ቦታ ማሳየት አለባችሁ። በዓይነት የተሰጠ ነገር እንዲቆጠር የሰጪው ፊርማ ያለበት ደብዳቤና የግምቱ መነሻ ያስፈልጋል። አንድን መዋጮ ለሁለት ድጋፍ ሰጪዎች ማስቆጠር አይቻልም።

ብዙ ቡድን የሚወድቅባቸው ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው፣ የድጋፉ ዘመን ሳይጀምር የወጣ ወጪ ብዙውን ጊዜ አይተካም፤ ስለዚህ የአውሮፕላን ትኬቱን ቀድማችሁ አትቁረጡ። ሁለተኛው፣ የመጨረሻው ክፍያ የሚለቀቀው ሪፖርት ከገባ በኋላ ሊሆን ይችላል። ቀማሪው ግን ከኮንሰርቱ ማግስት ገንዘቡን ይጠብቃል። ያን ክፍተት ማን እንደሚሸፍን ከወዲሁ ወስኑ።

መልስ 3፦
ኖታውንና መብቱን ሰው ሁሉ ይረሳዋል። የኖታ ኪራይና በሕዝብ ፊት የመጫወት ፈቃድ ሁለት የተለያዩ ሂሳቦች ናቸው፤ አንዱን መክፈል ሌላውን አይተካም። የደራሲያንን መብት በሚጠብቀው ዓለም አቀፍ የበርን ስምምነት መሠረት የሙዚቃ ሥራ ቀማሪው በሕይወት እስካለና ከሞተም በኋላ ቢያንስ ለ50 ዓመት የተጠበቀ ስለሆነ፣ በሕይወት ያለ ቀማሪ ስትጋብዙ ፈቃድ የማያስፈልግበት ሁኔታ እምብዛም የለም። ቀማሪው ራሱ «በነፃ ተጫወቱት» ቢላችሁም፣ መብቱን ለሰብሳቢ ማኅበር (በቀማሪዎች ስም ፈቃድ ሰጥቶ ክፍያ ለሚሰበስብ ድርጅት) አስተላልፎ ከሆነ ብቻውን ሊፈቅድ አይችል ይሆናል። ማኅበሩን በጽሑፍ ጠይቁ። ቪዲዮ ቀርጾ ኢንተርኔት ላይ መጫን ደግሞ ሌላ ፈቃድ ነው።

አሁን ወደ ቁጥሩ። 4 አንደኛ ቫዮሊን፣ 4 ሁለተኛ፣ 3 ቪዮላ፣ 2 ቼሎና 1 ኮንትራባስ ከሆናችሁ፣ ለሁለት ሰው አንድ የኖታ ማስቀመጫ ሲታሰብ 2+2+2+1+1፣ ማለትም 8 የኖታ ቅጂ ይበቃል። ይህ ግን ለኮንሰርቱ ቀን ነው። ቤት ወስደው የሚለማመዱት 14 ሰዎች ናቸው፤ የተከራየ ኖታ ደግሞ ያለ ፈቃድ ፎቶ ኮፒ አይደረግም። የመለማመጃ ቅጂ ፈቃድ በኪራዩ ውል ላይ አስጽፉ።

ኖታው ሲደርስ መጀመሪያ የገጽ መገልበጫውን እዩ። ገጹ እረፍት ላይ ካላለቀ፣ በየማስቀመጫው ከውስጥ በኩል (ከተመልካቹ ራቅ ብሎ) የተቀመጠው ተጫዋች ቀስቱን ጥሎ ይገለብጣል፤ በዚያች ቅጽበት ከቫዮሊኖቹ ግማሾቹ ዝም ይላሉ። አምስቱ መስመሮች ከላይ እስከ ታች 7 ሚሊሜትር ካልሞሉ ለሁለት ሰው አይነበብም። ከመጀመሪያው ልምምድ ሁለት ወር በፊት እጃችሁ ይግባ፤ ይህን ለማረም ጊዜ ይኖራችኋል።

ጠያቂው፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ማመልከቻው «የማኅበረሰቡ ተሳትፎ በምን ይታያል?» ይላል። የተገኘው ሰው ብዛት ይበቃል?

መልስ 1፦
ብዛት ብቻውን አይበቃም፤ ሰዎቹ ምን እንደሚያደርጉ ጻፉ። ለምሳሌ ክፍት ልምምዱን 45 ደቂቃ አድርጉትና ሰዎቹን ከመድረክ በታች ሳይሆን በተጫዋቾቹ መካከል አስቀምጧቸው፤ ከ25 ባይበልጡ ጥሩ ነው። ቀማሪው አንድ ስምንት ባር (ኖታው ላይ በቁም መስመር የተከፈሉ ክፍሎች) ይምረጥ። መጀመሪያ እንደተጻፈው ይጫወቱት፤ ቀጥሎ ቼሎው በቀስት ሳይሆን በጣት እየተመታ፣ ቫዮሊኑ በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ። ከዚያ ሰው የሰማውን ልዩነት ይናገር፣ ቀማሪውም የቱን ለምን እንደመረጠ ይመልስ። ይህን በአምስት መስመር ብትጽፉት ገምጋሚው ክፍሉን በዓይነ ኅሊናው ያየዋል። ለሪፖርቱ በእያንዳንዱ ዝግጅት ለብቻው የስም ዝርዝር ያዙ፤ ሁለቴ የመጣውን ሰው አንዴ ለመቁጠር ሌላ መንገድ የላችሁም።